አምስት እርምጃ በአንድ ትንፋሽ

ቼዝ አልወድም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ታሪኩን ስትጨርሱ ገበታችሁን ተሸክማችሁ በሬ ላይ እንዳትቆሙ ነው። በዕድሜዬ ከልምምድ በቀር የተጫወትኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም ተሸንፌአለሁ። ሽንፈቱ ግን ከብዙ ሰው ድል ይልቅ ስለጠቀመኝ፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም እተርከዋለሁ።

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ሸቤ የአራተኛ ክፍል አስተማሪ ነበርኩ። ጌታሁን እባላለሁ። ዕድሜዬ ሃያ ስድስት፣ ሱሪዬ ሁለት፣ ጫማዬ አንድ። ሸቤ ከጅማ ሩቅ አይደለችም፤ በደረቅ ወራት በቡና ጭነት መኪና፣ ጆንያ ላይ ቁጭ ብሎ ግማሽ ቀን የማይሞላ መንገድ ነው። ዝናብ ከጣለ ግን ሸቤ ለብቻዋ ሌላ አገር ትሆናለች። ቀዩ ጭቃ የያዘውን አይለቅም። መኪናው ይቆማል፣ ሾፌሩ ይሳደባል፣ ተሳፋሪው ወርዶ ይገፋል፣ መኪናው እንደቆመ ይመሻል።

ባለቤቴ ብዙነሽ የምትኖረው ጅማ፣ ጅሬን ዳገት ሥር ነበር። እናቷ አልጋ ላይ ከዋሉ ዓመታት ስላለፉ ትታቸው መምጣት አልቻለችም። ቀን ቡና ከሚለቅሙት ሴቶች ጋር ትውላለች፣ ማታ እናቷን ታገላብጣለች። እኔ መንገዱ ሲፈቅድ ቅዳሜ ሄጄ እሑድ እመለሳለሁ። ትዳር ብለን የያዝነው ይህንን ነበር።

በሁለተኛው ዓመቴ፣ መስከረም ላይ ሴት ልጅ ተወለደችልን። ዝናቡ ገና አልወጣም ነበርና ስትወለድ አልነበርኩም። "በሰላም ተገላገለች" የሚል መልእክት ሲደርሰኝ ለክፍሌ ልጆች ሸንኮራ ገዛሁላቸው። ከሳምንት በኋላ ሌላ መልእክት መጣ፤ ሕፃኗ ታማለች ይላል። በዚያው ሰዓት ተነሣሁ። መኪና አልነበረም። በእግሬ፣ ከዚያ በሰው በቅሎ፣ ከዚያ ደግሞ በእግሬ ሄጄ በሁለተኛው ቀን ደረስኩ። ልጄ የተቀበረችው ትናንት ነበር። ዘጠኝ ቀን ነው የኖረችው። ብዙነሽ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ቀና ብላ አየችኝና "መጣህ?" አለችኝ። ስድብ ቢሆን ኖሮ እስካሁን እረሳው ነበር።

ከዚያ በኋላ ስለ ልጅቷ አንስተን አናውቅም። ስመጣ ስለ እናቷ ወገብና ስለ መንገዱ እናወራለን። መንገዱ ብዙ ወሬ ነበረው።

አሁን የምነግራችሁ ከዚያ ሃያ ወር ቆይቶ፣ ግንቦት ላይ የሆነውን ነው። ብዙነሽ እንደገና ነፍሰ ጡር ሆና ወሯ ገብቶ ነበር። እኔ ወደ ጅማ ልዛወር ብዬ እስከዚያ ቀን ሦስት ጊዜ አመልክቻለሁ፤ ሦስት ጊዜም "ለጊዜው ባለበት ይቆይ" ተብያለሁ። የምፈልገው ሹመት አልነበረም። ይህ ልጅ ሲወለድ እዚያው መሆን፣ ቢታመምም እዚያው መሆን፣ በቃ ይኸው ነበር።

እሑድ ጠዋት ደምሴ ቤቴ መጣ። ደምሴ የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ነው። እሱም ጅማ መግባት ይፈልጋል፤ የእሱ ምክንያት ግን ሲኒማ ነው።

"ሰምተሃል?" አለኝ። "ኢንስፔክተሩ ሐሙስ ይመጣል።"

"ይምጣ።"

"ይምጣ ትላለህ እንዴ! ቼዝ ትችላለህ?"

"አልችልም።"

"እንግዲያው እዚሁ ሸቤ ታረጃለህ።"

አስረዳኝ። የትምህርት ቤቶች ኢንስፔክተር አቶ ሣህሉ ውጭ አገር ተምረው የመጡ ሰው ናቸው። በየሄዱበት ከተማ የቼዝ ሳጥናቸውን ይዘው ይዞራሉ፤ ክፍል ከተፈታ በኋላ አስተማሪዎቹን አንድ በአንድ እያስቀመጡ ይጫወታሉ። ነጩን ሁልጊዜ የሚይዙት እሳቸው ናቸው።

"ሃያ እርምጃ ሳይሸነፍ የቆየ ሰው ጅማ ይገባል" አለ ደምሴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "የአጋሮው አስተማሪ በሃያ ሁለት ነው የገባው።"

"አንተ ባለፈው በስንት ተሸነፍክ?"

"በሰባት። ግን በደንብ አስጨንቄያቸዋለሁ።"

ባለፈው ጊዜ ኢንስፔክተሩ ሲመጡ እኔ ጅማ ሐዘን ላይ ስለነበርኩ አላየኋቸውም፤ ቼዝ የሚባለውንም ሲጫወቱት አይቼ አላውቅም። ደምሴን አስተምረኝ እንዳልለው የምንሻማው አንድ ቦታ ነው። ደግሞስ በሰባት የተሸነፈ ሰው ምን ያስተምራል?

ሸቤ ውስጥ የፈረንጅ ሰንጠረዥ፣ ቼዝን ማለት ነው፣ ያውቃሉ የሚባሉት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ልብስ ሰፊው አባ ፊጣ። መንገድ ሊቀይስ የመጣ አንድ ፈረንጅ ሁለት ክረምት ሸቤ ሲቀመጥ፣ ድንኳኑ በተቀደደ ቁጥር እሳቸው በረንዳ ላይ ይውል ነበር ይባላል። ድንኳኑም ቶሎ ቶሎ ይቀደድ ነበር። በዚያው እሑድ ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። የስፌት መኪናቸውን እየረገጡ ነበር፤ ቀና አላሉም።

"አባ ፊጣ፣ ሰንጠረዥ ያስተምሩኝ።"

"የእኛን ነው የፈረንጁን?"

"የፈረንጁን።"

"ያ በርሲሳ!" አሉ። በኦሮምኛ አንተ መምህር ማለታቸው ነው። "መምህር ሊማር ሲመጣ ዛሬ አየሁ፣ ወላሂ። ስንት ጊዜ አለህ?"

"አራት ቀን።"

"በአራት ቀን ሰው ቁልፍ መትከል ነው የሚማረው።"

"ማሸነፍ አልፈልግም። ቶሎ አለመሸነፍ ነው የምፈልገው።"

እግራቸው ቆመ። መኪናው ዝም ሲል ገበያው ሁሉ ዝም ያለ መሰለኝ። "አሁን ገና ሰው ተናገረ" አሉና ገበታቸውን ከጨርቁ ሥር አወጡት።

ገበታው የሣጥን ክዳን ላይ በከሰል የተሰመረ ነው። ከጥቁሮቹ አንዱ ስለጠፋ በቦታው ባዶ የክር መጠቅለያ ቆሟል። ማን በምን እንደሚሄድ ለማጥናት ያን ቀን ሙሉ ፈጀብኝ። ፈረሱ ለምን ቀጥ ብሎ እንደማይሄድ ብጠይቃቸው "ፈረስ ጋልበህ ታውቃለህ?" አሉኝ። አላውቅም አልኩ። "እንግዲያው አትጠይቅ።"

ሰኞ ዋናውን ትምህርት ጀመሩልኝ።

"ነጩ እንግዳ ነው፤ ይመጣል። ጥቁሩ ባለቤት ነው፤ ይጠብቃል። ባለቤት ሮጦ አይወጣም። መጀመሪያ ቤቱን ይሠራል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።"

ቤቱ የሚሠራው በአምስት እርምጃ ነው። በንግሥቲቱ በኩል ካለው ፊል፣ በሰያፍ ከሚሄደው፣ ፊት የቆመችውን ወታደር አንድ ቤት ታስኬዳታለህ፤ እሷ ምሰሶ ናት። ከዚያ ከንግሥቲቱ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ቤት ትገፋለህ፤ እሱ ተራዳው ነው፤ ምሰሶዋ ከኋላ ስለደገፈችው ቢበሉትም ይተካል። ከዚያ ፊሉን ወደ ውጭ ታወጣዋለህ። ከዚያ ከንጉሡ ፊት ያለውን ወታደር አንድ ቤት አስኬደህ በሩን ትዘጋለህ። በመጨረሻ ፈረሱን ከንግሥቲቱ ፊት ታቆማለህ።

"በሩን ፊሉ ከመውጣቱ በፊት የዘጋህ እንደሆነ" አሉ ጣታቸውን እያወዛወዙ፣ "ፊሉ እድሜውን ሁሉ ቤት ውስጥ ታስሮ ይኖራል። ብዙ ሰው ያቺን ይስታል። በሩን ዘግቶ ከብቱን ውጭ የሚረሳ አለ፤ ይሄ ግን ተገላቢጦሹ ነው።"

"ገባኝ።"

"አልገባህም፤ ይገባሃል። ሱታ፣ ሱታ።" ሱታ ቀስ በል ማለት ነው። "አሁን ወረራ።"

ወረራ የአገራችን ሰንጠረዥ ደንብ ነው። አንደኛው የሌላውን እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ እጅ በእጅ እየተጠላለፈ፣ ሠራዊታቸውን እንደወደዱ ያሰልፋሉ። ፈጣን የሆነ ስድስት ሰባት ጊዜ ያስኬዳል፤ ዘገምተኛው ሁለቴ። የመጀመሪያው ከተበላ በኋላ ነው ተራ በተራ የሚሆነው።

ቼዝ የምታውቁ አሁን እየሳቃችሁ ነው። እኔ አላውቅም ነበር። ግን አስተማሪ ነኝና ጠይቄያለሁ።

"ፈረንጁም እንዲህ ነበር የሚጫወተው?"

"ኤዬ! አዎን፣ ሁለት ክረምት ሙሉ። መጀመሪያ ቀን ግራ ገባውና ሳቀ። ከዚያ በኋላ እጁ ከእጄ ይፈጥን ነበር።"

ሰውየው ጨዋ ሰው ነበር ማለት ነው። በሰው በረንዳ ተቀምጦ ባለቤቱን ከማረም የአገሩን ደንብ መልመድ መረጠ። በእሱ ጨዋነት የተጎዳሁት እኔ ነኝ።

ማክሰኞና ረቡዕ የተለማመድኩት ይህንኑ ነው። አባ ፊጣ ነጮቹን ያተራምሳሉ፣ እኔ ቤቴን እሠራለሁ። ረቡዕ ወደ ማታ ግድም አምስቱን እርምጃ በአንድ ትንፋሽ እጨርስ ጀመር። ምሰሶ፣ ተራዳ፣ ፊል፣ በር፣ ፈረስ። አባ ፊጣ በሦስተኛው ላይ ሳሉ እኔ እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ።

"ባዬ ጋሪ!" አሉ። በጣም ጥሩ ማለታቸው ነው። "ሃያ አይደለም፣ ሠላሳ ትቆያለህ።"

ከእሳቸው ስመለስ የጭነት መኪና ሾፌር መንገድ ላይ አግኝቶ የብዙነሽን ወረቀት ሰጠኝ። "ደህና ነኝ። ሁለት ሳምንት ቢቀረኝ ነው ብለዋል። እዚህ ዝናብ ጀምሯል" ይላል። ሦስት መስመር ነው። ሦስተኛዋን ቆሜ ብዙ ጊዜ አነበብኳት።

ሐሙስ የኢንስፔክተሩ ጂፕ ሁለት ሰዓት ላይ ገባ። አቶ ሣህሉ ቀጭን፣ ባለ መነጽር፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። ክፍሌ ገብተው የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ክፍልፋይ እያስተማርኩ ነበር፤ አንድ ሦስተኛንና አንድ ስድስተኛን ደምሬ ሰሌዳው ላይ ሁለት ዘጠነኛ ጻፍኩ። አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ አረመችኝ። ኢንስፔክተሩ ማስታወሻቸው ላይ አንድ ነገር ጻፉ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከዲሬክተሩ ቢሮ ፊት ለፊት ጠረጴዛ ወጣ። ደምሴ ቀድሞ ሄደ። እኔ ልጆቹን አሰናብቼ፣ ክፍሉን አስጠርጌ ስወጣ ደምሴ ወደ እኔ ሲመጣ ተገናኘን።

"ስምንት" አለኝ ሳልጠይቀው።

"ምን አሉህ?"

"አንድ አሻሽለሃል አሉኝ።"

ሄጄ ቆምኩ። ዲሬክተሩ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ከጎን ቆመዋል። የኢንስፔክተሩ ገበታ የእንጨት ነው፣ የሚያብረቀርቅ፣ አንድም የክር መጠቅለያ የለበትም።

"ቁጭ በል" አሉ አቶ ሣህሉ። "ነጩ የእኔ ነው።"

"አውቃለሁ ጌታዬ።"

ከንጉሣቸው ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ቤት ገፉ። ጣታቸው ከወታደሩ ላይ ገና አልተነሣም፤ እኔ ጀመርኩ። ምሰሶ፣ ተራዳ፣ ፊል፣ በር፣ ፈረስ። እጄ እንደዚያን ቀን ፈጥኖ አያውቅም። ጨርሼ እጆቼን ጉልበቴ ላይ አኖርኩና በኩራት አየኋቸው።

ዲሬክተሩ እጃቸውን ከኋላቸው ፈትተው ደረታቸው ላይ አጣጠፉ። አቶ ሣህሉ ገበታውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ መነጽራቸውን አውልቀው በመሐረብ ወለወሉና መልሰው አደረጉ። ገበታው ያው ነው።

"ጨረስክ?"

"አዎ ጌታዬ። እርስዎ ይቀጥሉ፤ ገና ምንም አልተበላም።"

"ስንት ጊዜ አስኬድክ?"

"አምስት።"

"እኔስ?"

"አንድ" አልኩ። ቅር እንዳይላቸውም ብዬ "ትንሽ ዘገዩ እንጂ ግድ የለም፣ እጠብቅዎታለሁ" አልኳቸው።

ዲሬክተሩ ሳል ያዛቸው። ኢንስፔክተሩ ግን አልሳቁም፣ አልተቆጡም። "ይህ በተራ ነው" አሉ፤ ክፍል ውስጥ ለልጅ እንደሚነገር ረጋ ብለው። "አንድ እኔ፣ አንድ አንተ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ማን ነው ያስተማረህ?"

"አባ ፊጣ፣ ልብስ ሰፊው።"

"ወረራ ነው ያስተማሩህ። አጎቴም እንደዚህ ነበሩ። አራቱን መልስ፣ የመጀመሪያዋን ተው።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ፈረሱን፣ በሩን፣ ፊሉን፣ ተራዳውን አንድ በአንድ መለስኩ። እየመለስኩ ሳለ ሌላ ነገር ገባኝ። ያለኝን ሁሉ አሳይቻቸዋለሁ። የአራት ቀን ትምህርቴን፣ አንዲት ሳትቀር፣ ከነቅደም ተከተሏ ፊታቸው ዘርግቻለሁ። አሁን ምን ላደርግ እንደምችል ከእኔ እኩል ያውቃሉ። ሃያ እርምጃ ቀርቶ እንደ ደምሴ ስምንት መድረሴንም ተጠራጠርኩ።

ሌላ መንገድ ልፈልግ ብዬ ገበታውን አየሁ። ሌላ መንገድ አላውቅም።

እሳቸው ከንግሥቲታቸው ፊት ያለውን ወታደር ገፉ። እኔ ተራዳዬን አቆምኩ። ወታደራቸውን ወደ ፊት አሳለፉት። ፊሉን አወጣሁ። ፈረስ አወጡ። በሩን ዘጋሁ።

"የምትሄደውን ሁሉ አውቃለሁ" አሉ።

"አዎ ጌታዬ።"

"አትለውጠውም?"

"ሌላ አልተማርኩም።"

ሁለተኛውን ፈረስ አወጡ። ፈረሴን አቆምኩ። ቤቱ ተሠራ። ከዚያ እሳቸው ሊያፈርሱት ጀመሩ። በቀኝ መጡ፤ በር ዝግ ነው። በግራ መጡ፤ ምሰሶዋ አለች። ፊሌን ሊያባርሩ ወታደር ላኩ፤ ፊሌ አንድ ቤት ፈቀቅ ብሎ ተቀመጠ። አሁን አሰብ አድርገው ነበር የሚያስኬዱት። አገጫቸውን በመዳፋቸው ይዘዋል። ዲሬክተሩ በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር፤ አሥር ላይ ጣት አልቆባቸው እንደገና ጀመሩ። የቅድሙ እፍረት ቀስ በቀስ ለቀቀኝ። ለካ ጠንካራ ነገር ቢታይም ጠንካራ ነው። ተደብቆ ብቻ የሚቆም ቤት ከሆነ መጀመሪያውንም ቤት አልነበረም ማለት ነው። በዚያች ጠረጴዛ ላይ የገባኝ ይህ ነው።

ሃያኛውን አስኬድኩ። ሃያ አንደኛውንም።

አቶ ሣህሉ አንድ ወታደር ገፉና ዓይናቸውን ከገበታው ሳያነሡ "በስንት ቀን ነው የተማርከው?" አሉ።

"በአራት ቀን።"

"ለምን?"

ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ ነበረኝ፤ "አእምሮን ስለሚያጎለምስ" የሚል። ደምሴም ያንኑ ብሎ ይሆናል። አፌን ከፈትኩና የወጣው ሌላ ሆነ።

"ከእርስዎ ጋር ሃያ እርምጃ የቆየ ጅማ ይገባል ስለተባለ ነው።"

ቀና አሉ። "ማን ነው ያለው?"

"ሁሉም አስተማሪ ይለዋል።"

ወደ ዲሬክተሩ ዞሩ። ዲሬክተሩ ሰማዩን ያዩ ነበር። "እኔ የምጫወተው" አሉ አቶ ሣህሉ ቀስ ብለው፣ "በየከተማው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የምሠራው ስለማጣ ነው። በየሄድኩበት አስተማሪው ሁሉ ለምን ይህን ያህል ቼዝ እንደሚወድ ሲገርመኝ ነበር የኖረው።" ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ ጅማ ምን አለህ?"

ነገርኳቸው። ብዙነሽን፣ አልጋ ላይ ያሉትን እናቷን፣ ዘጠኝ ቀን የኖረችውን ልጄን፣ ቀብሯ ካለቀ በማግስቱ መድረሴን፣ አሁን ሁለት ሳምንት እንደቀረና ዝናቡ እንደጀመረ። ስናገር እጄ ባዶ እንዳይሆን ፈረሴን አንሥቼ አንድ ቦታ አስቀመጥኩት። የት እንዳስቀመጥኩት አላየሁም።

አቶ ሣህሉ ገበታውን አዩ። እጃቸውን ዘርግተው በወታደር ፈረሴን አነሡት። "ፈረስህን በላሁ" አሉና ከጎናቸው አስቀመጡት። ቀጥለው "ስምህ ጌታሁን ነው። የዝውውር ማመልከቻ አለህ" አሉኝ።

"ሦስት ጌታዬ።"

"ሦስቱንም አስታውሳቸዋለሁ፤ ሦስቱም አንድ ናቸው። ምን ብለህ እንደጻፍክ አንተስ ታስታውሳለህ?"

አስታውሳለሁ። ለእናንተም እስካሁን አልነገርኳችሁም። የጻፈልኝ ጅማ ፍርድ ቤት ደጃፍ የሚቀመጥ ማመልከቻ ጸሐፊ ነው። ጉዳዬን ስነግረው እጁን አወናጨፈ። "የጓዳ ነገር ለመንግሥት አይጻፍም፤ ያስንቅሃል" አለኝና ባማረ እጁ ጻፈው።

"የሸቤ አየር ለጤናዬ ስላልተስማማኝ" አልኩ።

"የሸቤ አየር" አሉ። "ከሸቤ ጅማ የአየር ለውጥ ፍለጋ የሚሄድ ሰው አይቼ አላውቅም። ዝናቡም ያው፣ ጭቃውም ያው። ይህ ሰው ከተማ አምሮት ነው አልኩና ባለበት ይቆይ ብዬ ፈረምኩ። ሦስት ጊዜ።" ከዚያ ጠየቁኝ፤ "የመጀመሪያውን መቼ ነው ያስገባኸው?"

"ልጄ ከመወለዷ ከሁለት ወር በፊት።"

መነጽራቸውን አወለቁ፤ በዚህ ጊዜ ግን አልወለወሉትም። በእጃቸው ይዘው ቆዩ። እኔም ያን ጊዜ ገና ነው ያሰብኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ ያስቀረኝ ጭቃው ነው፣ መንግሥት ነው፣ ዕድሌ ነው ስል ከርሜ ነበር። ያስቀረችኝ እኔው የፈረምኩባት አንዲት መስመር ናት። ደረቴ ውስጥ የወደቀው ነገር ዛሬም ቦታው ላይ አለ።

"ወረቀት ያምጡ" አሉ ለዲሬክተሩ። ወረቀቱ መጣ። "ጻፍ። አሁን የነገርከኝን ብቻ።"

እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ባለቤቴ ጅማ ናት፤ ልትወልድ ነው። የመጀመሪያዋ ልጃችን ስትሞት አልነበርኩም። አሁን አብሬያት መሆን ስለምፈልግ እንድዛወር አመለክታለሁ።" ጽሕፈቱ የአራተኛ ክፍል ልጅ ጽሕፈት ይመስል ነበር።

አንብበው መለሱልኝ። "ቀን አልጻፍክበትም።"

ቀኑን ጻፍኩ። አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። "ዝውውሩ ጊዜ ይወስዳል። ለጊዜው የሁለት ሳምንት ፈቃድ እሰጥሃለሁ። ነገ በአንድ ሰዓት እነሣለሁ፤ ጂፑ ውስጥ አንድ ሰው ይይዛል። አሁን ተራው ያንተ ነው።"

በሠላሳ አራተኛው ላይ አሸነፉኝ። ያለ ፈረስ ቤት አይጠበቅም።

በማግስቱ ጠዋት በገበያው ሳልፍ አባ ፊጣ ሱቃቸውን ይከፍቱ ነበር።

"ተሸነፍክ?"

"ተሸነፍኩ።"

"በስንት?"

"በሠላሳ አራት።"

"አልሐምዱሊላህ!"

"አባ ፊጣ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ተራ በተራ ነው አሉኝ እኮ። ወረራ የለውም።"

እንዳዘነ ሰው አዩኝ። "ላኪ፣ ላኪ" አሉ፤ የለም፣ የለም ማለታቸው ነው። "ሰውየው አልተማረም። ሰው ቤቱን ሳይሠራ ይዋጋል እንዴ?" ከእሳቸው ጋር አልተከራከርኩም፤ እጃቸውን ስሜ ሄድኩ።

ጂፑ ሁለት ቦታ ጭቃ ያዘው። ኢንስፔክተሩም ሱሪያቸውን ሰብስበው ወርደው ገፉ፤ በቡና መኪና አብረን ስንገፋ ካየሁት ከደምሴ ይሻላሉ። የዝውውሩ ደብዳቤ ሐምሌ ላይ ወጣ። ልጁ ግን ከዚያ በፊት፣ ሰኔ ሲገባ ተወለደ። ያን ዕለት በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ አዋላጇ "ዞር በል፣ መንገድ ዘጋህ" ብላ ተቆጣችኝ፤ እንደዚያ ደስ ብሎኝ ተቆጥተውኝ አያውቁም።

ምን ለወጠብህ ትሉኝ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ለማንም ስጽፍ የምፈልገውን ከነምክንያቱ ነው የምጽፈው። ይህ ሁልጊዜ ይሠራል አልልም። ደምሴ ምክሬን ሰምቶ "ሲኒማ ስለምወድ" ብሎ አመልክቷል፤ ባለበት ይቆይ ተብሏል። እናንተን የምለምናችሁ ግን አንድ ነገር ነው። "ይህን ከተናገርኩ ይንቁኛል" ብላችሁ የያዛችሁት ነገር ካለ፣ መናቁ ምን ያህል እንደሚጎዳችሁ ብቻ አታስሉ። ዝም ማለቱ ማንን ሊወስድባችሁ እንደሚችልም አስቡ። እኔ ሳላስብ ቀርቼ ነው።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ያን ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጅሬን ስደርስ ብዙነሽ የእናቷን አንሶላ ከገመድ እያወረደች ነበር። ጭቃዬን ሳልታጠብ፣ ሳልቀመጥ፣ አንሶላውን በሌላው ጫፍ ይዤላት ነገርኳት። የመጀመሪያው ማመልከቻ እውነቱን ቢናገር ኖሮ ያኔ እዚህ እሆን እንደነበር፣ ያስቀረኝ ሌላ ማንም እንዳልሆነ። ታስወጣኛለች ብዬ ነበር።

አንሶላውን አጥፋ ጨረሰች።

"እኔም አለኝ" አለች። "ልጅቷ የታመመችው በሦስተኛው ቀን ነው። ለሾፌሩ ወረቀቱን የሰጠሁት በሰባተኛው ነው። ይሻላታል፣ በከንቱ በዚህ ጭቃ አይንገላታ ብዬ አራት ቀን ያዝኩት። አራት ቀን፣ ጌታሁን።"

አንሶላው መሐላችን መሬት ላይ ወደቀ፤ ማናችንም አላነሣነውም። ከተቀበረች ሃያ ወር አልፏት ነበር። ልጃችንን አብረን ያለቀስንላት ያን ቀን ነው።